ሳይደርቅ በእርጥብ፤ የወጣቶችን ልብ አስቀድሞ ስለ መመርመር

ዕድሜ የጠገበ ሽማግሌ ሲሞት ቤተ ዘመዱ ያዝናል እንጂ አይደነግጥም። ልጁን ድሮ፣ የልጅ ልጁን ስሞ፣ ኑዛዜውን ተናዞ የሄደ ሰው ነውና ኀዘኑ ከመጽናኛው ጋር ይመጣል። ነገር ግን ጧት ቁርሱን በልቶ፣ የጫማውን ክር አጥብቆ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅና ሲሮጥ የነበረ የ17 ዓመት ልጅ ከሜዳው መካከል ድንገት ወድቆ ሲቀር መጽናኛው ከየት ይገኛል? ጐረቤት ተሰብስቦ አንዱ «ምች መትቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «የሰው ዓይን ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በዚህም ዓይነት ልጁ ይቀበራል፤ ምክንያቱም አብሮት ይቀበራል።

የሕክምና ሊቃውንት ግን ይህን ምክንያት መመርመር ከጀመሩ ቈይተዋል። እንዲህ በድንገት ከሚሞቱት ወጣቶች የብዙዎቹ ልብ አብሯቸው የተወለደ ወይም ከወላጆቻቸው የወረሱት ጉድለት እንደ ነበረበት፣ ጉድለቱም ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ብዙ ጊዜ ሊታወቅ እንደሚችል ደርሰውበታል። በዚህ ጽሑፍ ልብ በድንገት የሚቆመው ስለ ምን እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ መመርመር ምን ያህል እንደሚያድን፣ የማያድንበትም ጊዜ የቱ እንደ ሆነ፣ ከዚህም ሁሉ ለእኛ አገር ልጆች የሚበጀው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልብ እንዴት ይሠራል፣ ስለ ምንስ ይቆማል?

ልብ የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል ጡንቻ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። አንድ ሰው ጣቱን ይህን ያህል ጊዜ እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ቢታዘዝ እስከ እኩለ ቀን አይደርስም ነበር፤ ልብ ግን ሳይታዘዝ፣ ሳያርፍ፣ ባለቤቱም ሳያስበው ይህን ሥራ ዕድሜ ልክ ይሠራል።

ለዚህ ሥራ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ደም የሚያመላልሱለት ቧንቧዎች ናቸው። ሁለተኛው ትእዛዝ ነው፤ ይኸውም በቀኝ በኩል ከልብ የላይኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል ነው። ይህ ኀይል በሥርዓቱ ሲሄድ ልብ አንድ ጊዜ ተጨብጦ ደሙን ይረጫል፤ እንደ ገናም ተዘርግቶ ይሞላል።

በሰፊው «የልብ ድካም» ወይም «ልቡን አሞት ሞተ» የምንለው ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ አይደለም። ከ35 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በድንገት ሲሞት ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የልብ ቧንቧ መደፈን ነው። ወጣቶቹን የሚጥላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። አንዳንዱ የልብ ጡንቻው ከልክ በላይ ወፍሮ ይወለዳል ወይም እያደገ ሲሄድ ይወፍርበታል። ይህ በሽታ ከ500 ሰው በአንዱ ይገኛል ተብሎ የሚገመት ሲሆን፣ ከአባት ወይም ከእናት ለልጅ ይተላለፋል፤ በሽታው ካለበት ወላጅ የሚወለደው እያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ የመውረስ ዕድል አለው። ሌላው የልብ ቧንቧው ከማይገባው ቦታ በቅሎ ይወለዳል። ሌላው ደግሞ ልቡ ተከፍቶ ቢታይ አንዳች ነውር አይገኝበትም፤ የተበላሸው የኤሌክትሪኩ ሥርዓት ነውና።

እንዲህ ያለ ልብ ለብዙ ዓመት ያለ አንዳች ስሜት ሲሠራ ሊኖር ይችላል። ባለቤቱ በኀይል በሮጠበት ወይም በደነገጠበት በአንድ ቀን ግን ትእዛዙ ይዛባና ልብ መጨበጡን ትቶ ይርገፈገፋል። የሚርገፈገፍ ልብ ደም አይረጭም። ሰውየው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ በጥቂት ደቂቃም ውስጥ አንጐሉ መሞት ይጀምራል። እንግዲህ ስፖርት ራሱ ገዳይ አይደለም፤ ለጤናማ ልብ መድኀኒቱ ነው። ለተደበቀው በሽታ ግን ክብሪት ሊሆንበት ይችላል።

በጨው ውሃ የተጀመረ ምርመራ

ይህን የተደበቀ ነገር ሳይቀድዱ ማየት የተቻለው ቪለም አይንትሆቨን በሚባል የሆላንድ ሰው ብልሃት ነው። አይንትሆቨን በላይደን ከተማ ፕሮፌሰር ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የልብን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ኀይል የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው 270 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ለማንቀሳቀስም አምስት ሰው ይፈልግ ነበር። በሽተኛው ሁለት እጁንና አንድ እግሩን የጨው ውሃ በተሞላ ዕቃ ነክሮ ይቀመጣል። ይህን የሚያህል መሣሪያ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ስላልተቻለ፣ ከሆስፒታሉ እስከ ላቦራቶሪው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የስልክ ሽቦ ተዘርግቶ የበሽተኛው የልብ ምት በሽቦ ይመጣለት ነበር። ስለዚህ ሥራው በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ዛሬ ሐኪሞች በአጭሩ ኢሲጂ የሚሉት መሣሪያ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ሆኗል። ተመርማሪው በጀርባው ይተኛል፤ በደረቱ፣ በእጆቹና በእግሮቹ ላይ ዐሥር ትንንሽ መያዣዎች ይለጠፉበታል፤ በጥቂት ደቂቃም ውስጥ የልቡ ነገር በወረቀት ላይ ተሥሎ ይወጣል። መርፌ የለውም፣ አያምም። ከዚህ ሌላ ኢኮ የሚባለው አለ፤ ይህ ደግሞ በድምፅ ሞገድ የልብን ጡንቻና በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ በመስተዋት ላይ ያሳያል።

የኢጣልያ ሕግ

መሣሪያው ከተገኘ በኋላም ቢሆን ብዙ ዘመን የሚመረመረው የታመመው ብቻ ነበር። ያልታመመውን፣ በተለይም ሯጩንና ኳስ ተጫዋቹን፣ በሕግ አስገድዶ በመመርመር ኢጣልያ ቀደመች። በ1971 የስፖርተኞችን ጤና ስለ መጠበቅ ሕግ ወጣ፤ በ1982ም ዝርዝር ደንብ ተጨመረበት። በዚህ ደንብ መሠረት በውድድር ስፖርት መሳተፍ የሚፈልግ ሁሉ በሐኪም ተመርምሮ፣ ኢሲጂም ተነሥቶ የምስክር ወረቀት ካልያዘ ወደ ውድድር አይገባም።

የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ይህ ሕግ በቬኔቶ አውራጃ ያመጣውን ውጤት ለ26 ዓመት ተከታትለው በ2006 አስታወቁ። ምርመራው በደንብ ከመጀመሩ በፊት፣ በ1979 እና በ1980፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 ከሆነ ስፖርተኞች መካከል ከ100,000 ሰው በዓመት 3.6 ያህሉ በድንገት ይሞቱ ነበር። በ2003 እና በ2004 ግን ቍጥሩ ወደ 0.4 ወረደ። ማለት ከዐሥሩ ሞት ዘጠኙ ያህል ቀረ ነው። በዚያው ዘመን በዚያው አውራጃ ምርመራ ያልተደረገላቸው፣ የውድድር ስፖርትም የማይሠሩ እኩዮቻቸው ሞት ከፍ ዝቅ ሳይል እንደ ነበረ ቈየ። በፓዶቫ ከተመረመሩት 42,386 ስፖርተኞች መካከል ከውድድር እንዲታገዱ የተደረጉት 879፣ ማለት ከመቶ ሁለት ያህል ናቸው።

ካኑና ፎዌ

ቍጥር ብቻውን ለልብ አይናገርምና ሁለት አፍሪካውያንን እናንሣ።

ንዋንክዎ ካኑ በ1996 የ20 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያ ዓመት በአትላንታ ኦሊምፒክ የናይጄሪያ ቡድን አምበል ሆኖ ለአገሩ የወርቅ ሜዳይ አስገኘ። በዚያው ዓመት ኢንተር ሚላን የሚባለው የኢጣልያ ቡድን ገዛው። ወደ ሚላኖ እንደ ደረሰ ሐኪሞች መረመሩትና ከልቡ ወደ ታላቁ የደም ሥር የሚከፈተው በር ጉድለት እንዳለበት አገኙ። ወጣቱ እስከዚያ ቀን ድረስ የአውሮፓን ዋንጫ ከአያክስ ጋር በልቷል፤ የኦሊምፒክ ወርቅም ተሸልሟል፤ ልቡ ግን የታመመ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ተወስዶ ልቡ ታከመ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በ1999 ወደ አርሴናል ሄደ፤ በ1998፣ በ2002 እና በ2010 የዓለም ዋንጫ ለአገሩ ተሰለፈ። በ2000 ደግሞ የልብ ሕመም ያለባቸውን የአፍሪካ ልጆች የሚያሳክም ድርጅት በስሙ አቋቋመ።

ማርክ ቪቪየን ፎዌ የካሜሩን ተጫዋች ነበር፤ ዕድሜው 28። ሰኔ 26 ቀን 2003 በፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ከተማ፣ ካሜሩን ከኮሎምቢያ ጋር ስትጫወት በ72ኛው ደቂቃ ገደማ ማንም ሳይነካው ከሜዳው መካከል ወደቀ። ሊያነሡት ብዙ ተደከመ፤ አልተነሣም። ሬሳው ሲመረመር የልቡ ጡንቻ ከልክ በላይ ወፍሮ ተገኘ። ከዚህ ኀዘን በኋላ ፊፋ ከ2006 የዓለም ዋንጫ ጀምሮ ተጫዋቾች ከውድድሩ በፊት ልባቸው እንዲመረመር አደረገ።

ምርመራ የማይደርስበት

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ሁሉም ይመርመርና ሞት ይቅር» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ እውነቱንም መሸሸግ አይገባም።

በመጀመሪያ፣ የኢጣልያው ውጤት በሌላ አገር እንደዚያው ሆኖ አልተገኘም። እስራኤል በ1997 ስፖርተኞች ኢሲጂ እንዲነሡ የሚያዘውን ሕግ በሥራ ላይ አዋለች፤ በ2011 የወጣ ጥናት ግን ከሕጉ በፊትና ከሕጉ በኋላ የሞተው ቍጥር እንዳልተለያየ ተናገረ። በአሜሪካም የልብ ሐኪሞች ማኅበር ወጣት ስፖርተኞች ሁሉ ኢሲጂ ይነሡ ከማለት ይልቅ በጥንቃቄ የተዘጋጁ 14 ነጥቦችን መጠየቅና መመርመር ይሻላል ይላል። ምክንያቱም ብዙ የሠለጠነ ልብ ሳይታመም በወረቀቱ ላይ የታመመ ይመስላል፤ በዚህም የተነሣ ጤነኛው ልጅ በከንቱ ይሰጋል፣ ከሚወደው ጨዋታም ይከለከላል።

ሁለተኛ፣ ተመርምሮ ነፃ የተባለ ሁሉ ነፃ አይደለም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ከ1996 እስከ 2016 ድረስ 11,168 ወጣት ተጫዋቾችን በ16 ዓመት ዕድሜ ገደማ በኢሲጂና በኢኮ አስመርምሯል። በ42ቱ ላይ ለድንገተኛ ሞት የሚያደርስ በሽታ ተገኘ። ይህ ማለት 42 ቤተ ሰብ ተጠነቀቀ ማለት ነው። ሆኖም ከተመረመሩት መካከል በኋላ 8 ወጣቶች በልብ ምክንያት በድንገት ሞቱ፤ ከስምንቱም ስድስቱ በምርመራው ጊዜ ጤነኛ የተባሉ ነበሩ። በሽታው እያደጉ ሲሄዱ የሚገለጥ ዓይነት በሆነ ጊዜ የ16 ዓመቱ ምርመራ ለ22 ዓመቱ ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ምርመራ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው ሳይሆን የሚደጋገም ነው።

ሦስተኛ፣ ከምርመራው ሾልኮ ላለፈው ሌላ ጠባቂ ያስፈልገዋል። መጋቢት 17 ቀን 2012 በለንደን የቦልተኑ ፋብሪስ ሙአምባ በጨዋታ መካከል ወደቀ። ጨዋታውን ሊያይ የመጣ አንድ የልብ ሐኪም ከተመልካቾች መካከል ሮጦ ደረሰለት፤ ልቡ 78 ደቂቃ ያህል በራሱ ሳይመታ ቈይቶ ሰውየው ዳነ። ሰኔ 12 ቀን 2021 ደግሞ በኮፐንሃገን የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ወደቀ። ኤሪክሰን በዚያን ጊዜ ይጫወት የነበረው ምርመራው እጅግ ጥብቅ በሆነባት በኢጣልያ ነው። ያዳነው እንግዲህ የቀደመው ምርመራ ሳይሆን ወዲያው ደረቱን መጫን የጀመሩት ሰዎችና ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው ዲፊብሪሌተር የሚባለው መሣሪያ ነው። በደረቱም ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ተተከለለት። የኢጣልያ ደንብ እንዲህ ያለውን ተጫዋች ስለማይፈቅድ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ተጫወተ፤ በሰኔ 2024 በአውሮፓ ዋንጫ ለአገሩ ጐል አገባ።

ወደ እኛ ልጆች ስንመጣ

በእኛ አገር የወጣቱን ልብ ከሚያጠቁት በሽታዎች ዋነኛው ከላይ ከተነገሩት የተለየ ነው። ከእናት ከአባት አይወረስም፤ በጕሮሮ በኩል ይገባል። ልጁ ጕሮሮውን ያመዋል፤ እናቱ «ቶንሲል ነው» ትላለች፤ ትኵስ ነገር ታጠጣዋለች፤ በሳምንቱ ይሻለዋል። ከአንዳንዱ ልጅ ላይ ግን ሕመሙ ያመጣው ጀርም በጊዜው በመድኀኒት ካልጠፋ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይነሣበታል፤ ጕልበቱ ያብጣል፣ ከዚያም ቍርጭምጭሚቱ፣ ከዚያም ክርኑ። ጀርሙን ለመውጋት የተነሣው የሰውነቱ ኀይል ዞሮ የራሱን የልብ በሮች ይወጋል። ይህ የሩማቲክ የልብ በሽታ ይባላል። በሮቹ ጠባሳ ያወጣሉ፤ አንዳንዱ አይከፈትም፣ አንዳንዱም አይዘጋም። ልጁ ለዓመታት ምንም ሳይታወቀው ይኖርና ዳገት ሲወጣ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ሴት ከሆነች ብዙ ጊዜ በሽታዋ የሚታወቀው ባረገዘች ጊዜ ነው። እንጥል ማስቈረጥ ለዚህ መድኀኒት አይሆንም፤ መድኀኒቱ ፔኒሲሊን ነው።

ይህ በሽታ ከከፋ በኋላ ልብን ቀዶ ማከም ይጠይቃል። በአገራችን ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር አቋቁመው፣ ከብዙ ድካም በኋላ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፍቷል። በዚያ ብዙ ሕፃናት ድነዋል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። አንድን በር በቀዶ ጥገና ከመለወጥ ይልቅ በሩ ሳይበላሽ መጠበቅ እንደሚቀል ለማንም ግልጽ ነው።

መጠበቅም እንደሚቻል ኡጋንዳ አሳይታለች። በሰሜን ኡጋንዳ፣ በጉሉ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆኑ ከ100,000 በላይ ልጆች በኢኮ ታዩ። ምልክቱ ገና ሳይሰማቸው በሽታው የጀመራቸው ተለይተው 818 ልጆች ለሁለት ዓመት በጥናት ተያዙ። ለግማሾቹ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ተሰጠ፤ ግማሾቹ ያለ መርፌ ክትትል ብቻ ተደረገላቸው። በ2021 መጨረሻ በወጣው ውጤት መሠረት መርፌውን ካገኙት በሽታው የባሰባቸው ከመቶ 0.8 ብቻ ሲሆኑ ካላገኙት ግን ከመቶ 8.2 ናቸው። «ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ» ያሉ አባቶቻችን ይህን ጥናት ባያዩትም ፍሬውን ያውቁት ነበር።

ያለ መሣሪያ የሚደረግ ምርመራ

ለአገሪቱ ተማሪ ሁሉ ኢሲጂና ኢኮ ይነሣ ቢባል የገንዘቡም የሐኪሙም ነገር ያስቸግራል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ገንዘብ የሚደረገውን ማድረግ ነው። ይኸውም መጠየቅ ነው። እያንዳንዱ ወላጅ፣ እያንዳንዱም የስፖርት አስተማሪ ልጁን ሊጠይቀው የሚገባ ጥቂት ነገር አለ። ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ ራሱን ስቶ ወድቆ ያውቃልን? ሲሮጥ ደረቱን ይጨመድደዋልን? ከእኩዮቹ ይልቅ ትንፋሽ ያጥረዋልን? ልቡ ያለ ምክንያት ይደልቃልን? ከቤተ ዘመዱ 50 ዓመት ሳይሞላው በድንገት የሞተ አለን? በሕፃንነቱ ከጕሮሮ ሕመም በኋላ መጋጠሚያው ያብጥ ነበርን? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ «አዎን» ያለ ልጅ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ እስኪታይም ድረስ ከሩጫ ይረፍ።

እዚህ ላይ እኛ አስተማሪዎች ልንጠነቀቅ የሚገባ ነገር አለ። ሩጫ አቋርጦ ደረቱን ይዞ የሚቀመጠውን ተማሪ «ሰነፍ» ብሎ በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር በትምህርት ቤት የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ቢያመውም አይናገርም፤ ማንም እንዳይስቅበት ይሮጣል። አንድ ጊዜ ሮጦ የወደቀ ልጅ ደግሞ «ቁርስ ሳይበላ ቀርቶ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ከሩጫ በኋላ ቆሞ ሲያዞረው መውደቅ ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፤ እየሮጠ ሳለ በድንገት መውደቅ ግን ሐኪም ሳያየው የሚታለፍ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ከለቅሶ ቤት የሚጀምር ነው። ከላይ እንዳልነው ከእነዚህ በሽታዎች ብዙዎቹ በዘር ይተላለፋሉ። አንድ ወጣት በድንገት ሲሞት ያን በሽታ የሚካፈሉ ወንድሞችና እኅቶች በዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ያለቅሱ ይሆናል። ስለዚህ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ቤተ ሰቡ ማድረግ ያለበት እነዚህን ልጆች ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድና «ወንድማቸው በድንገት ሞቷል፤ ልባቸው ይታይልን» ማለት ነው። ዕድራችን ለመቅበሪያ ድንኳንና ወንበር እንደሚያቀርብ ሁሉ ለዚህ ምርመራ ጥቂት ገንዘብ ቢረዳ ከሥራው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ በሠራ ነበር። ለሟች የሚገባውን ማድረግ ደግ ነው፤ የሚቀጥለውን ሟች ማስቀረት ግን ከዚያ ይበልጣል።

ሦስተኛው፣ የወደቀውን ማንሣት መማር ነው። ወድቆ የማይናገር፣ የማይተነፍስም ሰው ሲገኝ ከብቦ ውሃ መርጨትና ክብሪት ማሽተት ጊዜ ያጠፋል። ልቡ የቆመ ሰው ኤሌክትሪኩ በዘገየለት በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድሉ ከመቶ ከ7 እስከ 10 ያህል ይቀንሳል። አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌላው ወዲያው ተንበርክኮ ሁለት መዳፉን ደራርቦ በደረቱ መካከል ያድርግና በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ደረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪወርድ ድረስ፣ በኀይልና በፍጥነት ይጫን፤ ሲደክመው ሌላው ይተካው። ይህን አንድ የትምህርት ክፍል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊማረው ይችላል። ዲፊብሪሌተሩ ዛሬ በሜዳዎቻችን እምብዛም ባይታይም እጅ ግን በሁሉም ዘንድ አለ።

ውድ አንባቢ፣ ኢጣልያ በሕግ፣ እንግሊዝ በገንዘብ፣ ኡጋንዳም በመርፌ የጀመሩትን እኛ በጥያቄ ብንጀምረው አያሳፍርም። በዚህ ሳምንት ከልጅህ ወይም ከወንድምህ ጋር ማዕድ ስትቀርብ ከላይ ከተጻፉት ጥያቄዎች አንዱን ጠይቀው። መልሱ «የለም» ከሆነ ተመስገን ብለህ ብላ። «አዎን» ካለህ ግን ለበዓሉ፣ ለፈተናው፣ ለሚቀጥለው ደመወዝ ብለህ አታቈየው፤ ነገ ጧት ወደ ሐኪም ቤት ውሰደው።